«ልጄ ክፍል ገብቼ ምን ልሥራ?» ለአንዲት እናት የተጻፈ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው (ኧርሊ ሄድ ስታርት አሜሪካ ውስጥ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ሕፃናት የሚሰጥ ነጻ የመንግሥት ፕሮግራም ነው)፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር የሆናት ልጅ አለችኝ፤ ኧርሊ ሄድ ስታርት ከገባች ሁለት ወር አልፏታል። ባለፈው ሳምንት መምህሯ ‹ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት መጥተሽ ክፍል ውስጥ ብታግዢን ደስ ይለናል› አለችኝ። እሺ አልኩ፤ ግን ጨንቆኛል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልጄ እኔ ካለሁ ተጣብቃብኝ አትለቀኝም፤ ትቻት ስወጣ ደግሞ ታለቅሳለች። እዚያ አንድም ቃል አትናገርም ይሉኛል፤ ቤት ግን በአማርኛ አፏ አያርፍም። ባለቤቴ ‹ደሞዝ የሚከፈላቸው እነሱ፣ የምትሠሪው አንቺ› ይላል። ገብቼ ምንድን ነው የምሠራው? ወይስ ብቀር ይሻላል?»

እህቴ፣ አትቅሪ። ሂጂ፤ ስትሄጂም አማርኛሽን ይዘሽ ሂጂ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብለሽ ተጨንቀሻል፤ ለዚያ ክፍል ግን ከአንቺ የሚፈለገው ትልቁ ነገር አማርኛሽ ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል፣ ከገባሽ በኋላም ምን እንደምታደርጊ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጭንቀትሽን ላንሣ። እኛ ባደግንበት አገር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» የተባለ ተማሪ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ ሁላችንም እናውቃለን። የተጠራው ወላጅም ቢሮ በር ላይ ቆሞ የሚባለውን ሰምቶ ይመለሳል እንጂ ክፍል ገብቶ ከልጆች ጋር ወለል ላይ አይቀመጥም። መምህር ይከበራል፤ ክፍሉም የመምህሩ ነው። ስለዚህ «ነይና አግዢን» ስትባዪ ብትደነግጪ አይገርምም። እዚህ አገር ግን ይህ የተለመደ ጥሪ ነው። ልጅሽ ምንም አላጠፋችም፤ አንቺንም ሊፈትኑሽ አይደለም።

ሄድ ስታርት እ.ኤ.አ. በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን ሲጀመር የትምህርት ቤት እረፍት በሆኑት ወራት የሚሰጥ የስምንት ሳምንት ፕሮግራም ነበር። ከመነሻው የተያዘው ሐሳብ፣ ወላጁ ውጭ ቆሞ ልጁ ብቻውን የሚማርበት ትምህርት ሩቅ አይሄድም የሚል ነው። በ1994 ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ኧርሊ ሄድ ስታርት ተጨመረ፤ ልጅሽ ያለችው በዚህ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬም በእያንዳንዱ ፕሮግራም በበጀትና በአሠራር ላይ ድምፅ ያለው ፖሊሲ ካውንስል የሚባል አካል አለ፤ ከአባላቱ የሚበዙት የልጆቹ ወላጆች እንዲሆኑ ደንቡ ያስገድዳል። ወላጅ እዚያ ቤት እንግዳ አይደለም።

ባለቤትሽ ያነሣው ነገር ሊናቅ አይገባም፤ ሰው ጉልበቱ የት እንደሚውል ማወቅ አለበት። ፕሮግራሙን የሚያካሂደው ድርጅት ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኘው በመደበኛው የወጪውን 80 በመቶ ነው። ቀሪውን 20 በመቶ ከአካባቢው አሰባስቦ እንዲያሟላ ይጠበቅበታል። ይህ ድርሻ በጥሬ ገንዘብ ብቻ አይሞላም፤ ወላጆች በነጻ የሚሰጡት ሰዓትም በገንዘብ ተተምኖ ይቆጠርለታል። ስትገቢና ስትወጪ ሰዓት እያስሞሉ የሚያስፈርሙሽ ለዚህ ነው፤ ስለዚህ ሳትፈርሚ አትውጪ። የአንቺ ሁለት ሰዓት ልጅሽ የምትማርበት ክፍል እንዳይዘጋ ከሚያደርገው ድርሻ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ተሳትፎው በፈቃደኝነት ብቻ መሆኑ በደንቡ ተጽፏል። አንድ ሐሙስ ሥራ ቢይዝሽ ወይም ከነጭራሹ አልችልም ብትዪ የልጅሽ ቦታ አይነካም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በዚህ አገር በሕፃናት እንክብካቤ ሙያ ለመግባት ብዙዎች የሚይዙት ሲዲኤ የሚባል የምስክር ወረቀት 120 ሰዓት ሥልጠናና 480 ሰዓት ከልጆች ጋር የመሥራት ልምድ ይጠይቃል። ልምዱ ደሞዝ የተከፈለበት እንዲሆን ግዴታ የለም። ወላጅ ሆነው ለማገዝ ገብተው በዚያው መምህር የሆኑ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሐሳቡ ካለሽ ሰዓትሽን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ በጽሑፍ ያዢ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ አማርኛሽ።

ልጅሽ ትምህርት ቤት ዝም ማለቷ በሌላ ቋንቋ መሀል በገባ ሕፃን ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር ነው። አንዳንዱ ሳምንታት፣ አንዳንዱ ወራት ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ ያዳምጣል፣ ያያል፣ በእጁ ይጠቁማል፤ ጆሮው የሰበሰበውን አፉ እስኪያወጣው ጊዜ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ በአማርኛ አፏ የማያርፍ ከሆነ የመናገር ችግር የለባትም ማለት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርያና መከላከያ ማዕከል ለሠላሳ ወር ሕፃን ያስቀመጠው መለኪያ ወደ 50 ቃል መናገርና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቃላትን፣ አንዱ ድርጊት የሚገልጽ ሆኖ፣ አጋጥሞ መናገር ነው፤ «አባባ መጣ» እንደማለት። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ሲቆጠር የሁለቱም ቋንቋ ቃላት ተደምረው ነው። ስለዚህ መምህሯ ወይም ሐኪሟ ስንት ቃል ታውቃለች ቢሉሽ የአማርኛውን ሁሉ ቁጠሪላቸው። ይህን የምታነብ ሌላ እናት ልጇ ቤትም ዝም የሚል ከሆነ ግን አትጠብቅ። ሜሪላንድ ውስጥ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ነጻ ምርመራ የሚያደርግ ፕሮግራም አለ፤ ወላጅ ራሷ ደውላ መጠየቅ ትችላለች፣ የሐኪም ደብዳቤም አያስፈልጋትም።

የሄድ ስታርት ደንብ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሠራተኞቹ የልጁን የቤት ቋንቋ የማይናገሩ ከሆነ ፕሮግራሙ ቋንቋውን የሚናገሩ በጎ ፈቃደኞች ፈልጎ፣ አሠልጥኖ፣ ክፍል ውስጥ እንዲሠሩ ለማድረግ መጣር አለበት ይላል። መምህሯ አንቺን የጠራችሽ ይህን አስባ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ውስጥ በአማርኛ አስቦ በአማርኛ የሚመልስላት አንድ ትልቅ ሰው የላትም፤ ሐሙስ ግን ይኖራታል።

እንግዲህ ከገባሽ በኋላ ለልጅሽ በአማርኛ አውሪ፤ በሙሉ ድምፅሽ፣ ሳታፍሪ። ብዙ እናቶቻችን ፈረንጅ ፊት ሲሆኑ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና ለልጃቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ መናገር ይጀምራሉ። ልጅ ይህን ወዲያው ያነባል፤ «ይህ ቋንቋ እዚህ አይነገርም» ብሎ ይይዘዋል። በቤትሽ እንደምታወሪው አውሪ፦ «ውሃው ቀዘቀዘሽ? እስቲ እጅሽን አሻሺው። አረፋው የት ሄደ?» መምህሯ ያንኑ በእንግሊዝኛ ትላለች። ልጅሽ አንዱን ነገር በሁለት አፍ ስትሰማ ትርጉሙን ራሷ ታገናኘዋለች፤ ከዚህ የበለጠ የቋንቋ ትምህርት በዚያ ዕድሜ የለም። ሌሎቹ ሕፃናት ግራ ይጋባሉ ብለሽ አትስጊ። ለነሱም ቢሆን ዓለም በአንድ ቋንቋ ብቻ እንደማይነገር ማወቅ ትምህርት ነው።

ከመግባትሽ በፊት ለመምህራኑ ልጅሽ የምትጠቀምባቸውን ጥቂት ቃላት እነሱ በሚያነቡት ፊደል ጽፈሽ ስጪያቸው። ከመጽሐፍ የምታወጪው ሳይሆን ቤታችሁ በእውነት የሚባለው ይሁን። ሽንቷ ሲመጣ ምን ትላለች? ብርድ ልብሷን በምን ስም ትጠራዋለች? ሲያማት፣ ሲርባት፣ ሲበቃት ምን ትላለች? «እማዬ ትመጣለች» የሚለውን ደግሞ መምህሯ በቃሏ እንድታጠናው አድርጊ፤ ልጅሽ ስታለቅስ ይህን በራሷ ቋንቋ መስማት ሌላ ነገር ነው።

ወደ መጣበቋ ልለፍ፤ ከሁሉ የሚያስፈራሽ ይህ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ይታያል። ሜሪ ኤንስወርዝ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳ ውስጥ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ቁጭ ብላ የተመለከተችው ነገር ዛሬ በየሥልጠናው ይነገራል። እናቱ በአካባቢው ስትኖር ሕፃኑ እሷን መነሻ አድርጎ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ አዲስ ነገር ይነካል፣ ፈራ ሲል ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ልጅሽም ይህንኑ ታደርጋለች፣ ዕድሉን ከሰጠሻት። በመጀመሪያው ሐሙስ ጭንሽ ላይ ቁጭ ብላ አልነሣም ልትል ትችላለች። አትግፊያት፤ «ሂጂ ከጓደኞችሽ ተጫወቺ፣ ምን ሆነሽ ነው» ማለት እጇን ይበልጥ ያጠብቀዋል። አንቺም ከቦታ ቦታ አትዘዋወሪ። አንድ ቦታ ምረጪና ወለሉ ላይ ቁጭ በዪ፤ እጅሽ አንድ ሥራ ይኑረው። ስትሄድና ስትመለስ ባለችበት የምትገኝ እናት ስትሆኚላት መራቁ እየቀለላት ይሄዳል። ሌላ ሕፃን ጉልበትሽ ላይ ቢደገፍ ቅናት ይነሣባታል፤ ይህም ያለ ነው። «አዎ፣ የአንቺ እማዬ ነኝ። እሱም መጽሐፉን ማየት ፈልጎ ነው፤ ነይ በዚህ በኩል» በዪያትና ቦታ ስጫት።

አወጣጥሽ ከአገባብሽ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ልጁ በአሻንጉሊት ሲያዝ እናት ሹልክ ብላ ትወጣለች። ያልታየ መሄድ ያልተለቀሰበት ስለሚሆን የተሻለ ይመስላል። ልጁ ግን ቀና ብሎ ሲያይ እናቱ የለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኑን ከእናቱ ላይ ማንሣት ይፈራል፤ ጨዋታም ቢሆን በግማሽ ልቡ ነው። ልጅሽ እንዲህ ተጣብቃ የምትይዝሽ ከዚህ በፊት ተሹለክልኮባት ከሆነ፣ ዛሬውኑ ተዪው። ብታለቅስም ነግረሻት ውጪ።

አነጋገሩም እንዲህ ነው። ሕፃን ሰዓት አያውቅም፤ የሚያውቀው የነገሮችን ቅደም ተከተል ነው። «በአራት ሰዓት እወጣለሁ» ከማለት ይልቅ «ይህን መጽሐፍ እንጨርሳለን፣ ከዚያ እማዬ ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ ተኝተሽ ስትነሺ እመጣለሁ» በያት። መጽሐፉ ሲያልቅ እቅፍ፣ ሳም፣ «ቻው» እና ወደ በሩ። መምህሯ እጇን ይዛ መስኮቱ ጋ ትውሰዳት፣ ከውጭ እጅሽን አውለብልቢላት። ካልሽ በኋላ ተመልሰሽ አትግቢ፤ «ትንሽ ልቆይላት» ብለሽ ከበሩ መመለስ ለቅሶው በር እንደሚያስከፍት ያስተምራታል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መምህሯ በስልክ አጭር መልእክት እንድትልክልሽ ለምኛት። ብዙውን ጊዜ «እየተጫወተች ነው» የሚል ነው የሚመጣው።

ሰዓቱን በተመለከተ ጠዋት ከእሷ ጋር አብረሽ ግቢ እንጂ አድርሰሻት ሄደሽ በእኩለ ቀን አትመለሺ። አብረሽ ከገባሽ መሰነባበቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሄደሽ ከተመለስሽ ሁለት ጊዜ ይሆንባታል። ስትወጪም የእንቅልፍ ሰዓት ሲደርስ አይሁን፤ ውጭ ለመጫወት ሲወጡ ወይም አዲስ ነገር ሲጀምሩ ይሁን።

ከሌሎቹ ልጆች ጋር ስላለው ነገር ደግሞ፦ በዚህ ዕድሜ ባለ የኧርሊ ሄድ ስታርት ክፍል አንድ መምህር ከአራት ሕፃናት በላይ አይይዝም፤ በአብዛኛው ስምንት ልጆችና ሁለት መምህራን ናቸው። አንቺ በዚህ ቁጥር ውስጥ አትገቢም፤ ደንቡም ሕፃናት ከበጎ ፈቃደኛ ጋር ብቻቸውን ጨርሶ እንዳይቀሩ ይከለክላል። መምህሯ «አንድ ደቂቃ ጠብቂልኝ» ብላ ብትወጣ እንኳ ቀድመሽ «ብቻዬን መሆን አይፈቀድልኝም» በያት። ይህ ልጆቹንም አንቺንም ይጠብቃል። ዳይፐር መቀየርና ሽንት ቤት መውሰድ የመምህራኑ ሥራ ነው። ከመጀመርሽ በፊት የጤና ምርመራ፣ ምናልባትም የአሻራና የኋላ ታሪክ ማጣራት ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ ሁሉንም ወላጅ ነው የሚጠይቁት፣ ቅር አይበልሽ።

ሁለት ዓመት ተኩል የሆናቸው ሕፃናት አብረው ሲጫወቱ ብዙም አታዪም። ሚልድረድ ፓርተን የምትባል ተመራማሪ በ1932 ባወጣችው ጥናት ጎን ለጎን መጫወት ብላ የለየችው ነገር ነው፤ ሁለት ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጨዋታ ይጠመዳሉ። «አብራችሁ ተጫወቱ እንጂ»፣ «ስጪው እንጂ፣ አትሰስቺ» አትበዪ። ማካፈል ገና ያልደረሰባቸው ነገር ነው። የሚሻለው አንድ ዓይነት አሻንጉሊት ሁለት ማቅረብ ነው፤ ሁለት ከሌለ «አሁን የሷ ተራ ነው፣ ቀጥሎ ያንተ» ብሎ አጠገባቸው ሆኖ መጠበቅ። ልጅሽ የያዘችውን ለእንግዳ ልጅ አሳልፈሽ እንዳትሰጪ በተለይ ተጠንቀቂ። ይሉኝታ ይዞን የራሳችንን ልጅ እናስለቅሳለን፤ እሷ ግን እናቷ ባለችበት ክፍል የተወሰደባትን አትረሳም።

መማታትና መንከስ ታያለሽ። በዚህ ዕድሜ ቃል ያነሰው ልጅ በጥርሱና በእጁ ይናገራል። ልጆች ሲጣሉ በጉልበትሽ ዝቅ በዪ፣ በመካከላቸው እጅሽን ዘርጊ፣ በአጭሩ «አይመታም፣ ያማል» በዪና ወደ መምህሯ ዞር በዪ። ፍርዱ የሷ ነው። የተጎዳውን ልጅ ቀድሞ ማጽናናት እንጂ የመታውን መቆጣት አይቀድምም። ልጅሽ ብትነከስ ማን እንደነከሳት አይነግሩሽም፤ የሌላውን ልጅ ምሥጢር መጠበቃቸው ነው፣ ነገ የአንቺ ልጅ ብትነክስም ስሟን ይሸሽጉላታል። በእጅ መምታት፣ ጥግ ላይ ለብቻ ማስቀመጥ፣ ማስፈራራት ለሠራተኛውም ለበጎ ፈቃደኛውም ክልክል ነው። «ጅብ ይመጣል»፣ «ፖሊስ እጠራለሁ» የሚለው የቤታችን ማስፈራሪያም እዚያ ክፍል አይግባ፤ ቤትም ቢቀር እወዳለሁ።

ፍቅራችንም ልክ ያስፈልገዋል። እኛ ሕፃን ስናይ ጉንጩን መሳም ይቀናናል። እዚያ ከራስሽ ልጅ በቀር ማንንም አትሳሚ። ዝቅ ብለሽ ሰላም በዪ፣ እጅሽን ዘርጊ፤ ልጁ ራሱ መጥቶ ከተደገፈብሽ ተቀበዪው። ያልመጣውን ተዪው።

ምግብ ሰዓት ላይ የሚከብድሽ ነገር አለ፤ ቁጭ ብሎ ማየት። ጠረጴዛው ላይ ሳህን ይዞራል፣ ልጆቹ በትንሽ ማንኪያ ለራሳቸው ያወጣሉ፣ ግማሹ ይፈሳል። እጅሽ ለጉርሻ ይነሣል፤ ግን አታጉርሺ፣ የራስሽንም ልጅ ቢሆን። በዚያ ጠረጴዛ ትምህርቱ መፍሰሱና መጥረጉ ነው። ስላልበላ መቆጣት፣ «ይህን ከጨረስሽ ብስኩት እሰጥሻለሁ» ማለትም አይፈቀድም፤ ምግብ ሽልማትም ቅጣትም እንዳይሆን በደንቡ ተከልክሏል። የሚበሉት መምህራኑ ያቀረቡትን ነው፣ የሚበሉትን መጠን የሚወስኑት ልጆቹ ናቸው። አንቺ አብረሻቸው ተቀመጪ፣ ብዪ፣ አውሪ።

ከቤት ምግብ ሳትጠይቂ ይዘሽ አትሂጂ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፋንድሻና ሙሉ ወይን ከአራት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ያንቃሉ፤ ቦርሳሽ ውስጥ የቀረች አንዲት ፍሬ ቆሎ እንኳ ወለል ላይ ወድቃ ታንቃለች። እንጀራ ልታስቀምሺ ብትፈልጊ በምን ዱቄት እንደተጋገረ ንገሪያቸው። ጤፍ ብቻውን ከስንዴ ፕሮቲን ነጻ ነው፤ እዚህ አገር ሱቅ የሚሸጠው ግን ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ስለሚበዛ አለርጂ ላለበት ልጅ አደጋ ነው። ልጅሽ የምትጾመው ወይም በሃይማኖት የማትበላው ካለ በቃል ሳይሆን በምዝገባው ፎርም ላይ አስጽፊው።

ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ አድርጊው። ልጅሽን ፎቶ ስታነሺ ከኋላዋ ያለው የሌላ ሰው ልጅ አብሮ ይነሣል፤ ያ ልጅ ለምን ፎቶው መውጣት እንደሌለበት አንቺ አታውቂም። ከዚህ ይበልጥ ግን የማሳስብሽ አፍን ነው። እኛ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ዕድር፣ አንድ ሱቅ የምንገናኝ ሰዎች ነን። «የእገሌ ልጅ ገና ዳይፐር ላይ ነው»፣ «የእገሊት ልጅ ዓይን ዓይን አያይም» የሚል ወሬ ከቡና ላይ ተነሥቶ እናትየዋ ጆሮ ሳይውል አያድርም። ያየሽውን እዚያው ተዪው። ሐሳብ የገባሽ ነገር ካለ ለመምህሯ ብቻ፣ ልጆቹ በሌሉበት ንገሪያት።

ሥራሽ ምን እንደሚሆን ራስሽ ሐሳብ ይዘሽ ብትሄጂ ጥሩ ነው፤ መምህራኑ ጠዋት ላይ እጃቸው ሙሉ ስለሚሆን «ምን ልሥራ» እያልሽ ቆመሽ እንዳትቀሪ። እኔ ብሆን ከሁለት አንዱን እመርጥልሽ ነበር። አንደኛው የሊጥ ጠረጴዛ ነው። ፕሌይዶ (የልጆች መጫወቻ ሊጥ) ማድቦልቦል፣ መጠፍጠፍ፣ መቁረጥ የማንንም ቋንቋ አይጠይቅም፤ ሊጥ ማሸት ደግሞ እጅሽ ያውቀዋል፣ ልጅሽም ቤት ስታደርጊው አይታሻለች። ሁለተኛው የጨዋታ ማእድ ቤቱ ውስጥ የቡና ቦታ ማዘጋጀት ነው። የሸክላ ጀበናሽን ቤት ተዪው፣ ይሰበራል፤ የፕላስቲክ ስኒዎች፣ ትንሽ ረከቦት፣ አንድ ነጠላ ይበቃል፣ እሳትም ትኩስ ውሃም አያስፈልግም። መቅዳት፣ ማቅረብ፣ «ጠጡ» ማለት። እስከ ዛሬ ዝም ያለችው ልጅሽ በዚህ ጨዋታ ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አቦል የቱ እንደሆነ ለጓደኞቿ የምታሳየው እሷ ናት፤ አንደበቷ የሚፈታው እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። ባይፈታም ግን አታስገድጂያት። «ለቲቸር ምን እንደሆነ ንገሪያት» ብለሽ ሰው ፊት አትፈትኛት።

እንግሊዝኛ የሚያስፈልግሽ ለደኅንነት ብቻ ነው፤ ለዚያ «ስቶፕ»፣ «ጀንትል» (በቀስታ) እና «ሄልፕ ፕሊዝ» ይበቁሻል። ለሌላው ፊትሽና እጅሽ ይናገራሉ። ስለ ልጅሽ እድገት ለሚደረግ ስብሰባ ግን በዚህ አትለፊ። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከመምህሯ ጋር የምትገናኙበት ስብሰባ አለ፣ መምህሯ ቤታችሁ የምትመጣበትም ጊዜ አለ፤ ለሁለቱም አስተርጓሚ እንዲያቀርቡልሽ ጠይቂ። ፕሮግራሙ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲነጋገር ይጠበቅበታል፤ ውለታ እንደምትጠይቂ አይሰማሽ። የሰፈር ልጅ ወይም ትልቁን ልጅሽን ለማስተርጎም አትውሰጂ።

ባለቤትሽንም አንድ ቀን ላኪው። የአባት ሰዓትም እኩል ይቆጠራል፤ ፈረቃው ጠዋት ነጻ የሚያደርገው ከሆነ ግማሽ ሰዓት ውጭ ኳስ ቢያንከባልልላቸው በቂ ነው። መሄድ የማይመች ከሆነም ቤት ሆኖ የሚሠራ አለ፤ የወረቀት ቅርጾች መቁረጥ፣ የጨዋታ ልብሶችን ማጠብ፣ ልጅሽን የምታስተኚበትን ዜማ በድምፅሽ ቀድተሽ ለእንቅልፍ ሰዓት መስጠት።

ለፊታችን ሐሙስ ሁለት ሰዓት አትውሰጂ፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። ረቡዕ ማታ ለመምህሯ ይህን ላኪላት፦ «ነገ ከልጄ ጋር አብሬ ገብቼ አንድ ሰዓት እቆያለሁ። የሊጥ ጠረጴዛው ጋ ልቀመጥ? ለልጄ በአማርኛ ነው የማወራት። ስወጣ እጇን ይዘሽ መስኮቱ ጋ ውሰጂልኝ።» እንግሊዝኛውን የሚያስተካክልልሽ ሰው ካለ አሳዪው፣ ከሌለ በስልክሽ አስተርጉመሽ ላኪው፤ ትረዳሻለች። ልጅሽንም ማታ ስታስተኚያት ነገ አብራችሁ እንደምትገቡና አንቺ ቀድመሽ እንደምትወጪ ንገሪያት።